የአቶ ኩማን ትንፋሽ ላሸተተው ኮሚቴ

አዋሳ፣ ነሐሴ 1976 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ወልደአማኑኤል፣
የእህልና አትክልት ማመላለሻ ድርጅታችን ሥራ አስኪያጅና የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሊቀመንበር

ግልባጭ፦ ለግድግዳ ጋዜጣችን፣ እንዲሁም ቆሞ ለማንበብ ትዕግሥት ላለው ሠራተኛ ሁሉ

የተከበሩ ጓድ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤና፣ በተለይም ባልታፈነ አፍንጫ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። የክረምቱ ዝናብ ከሐይቁ ነፋስ ጋር ተባብሮ ግማሹን ከተማ ጉንፋን ባስያዘበት በዚህ ወቅት፣ የድርጅታችን ፍትሕ በእርስዎና በሁለት የኮሚቴ ባልደረቦችዎ አፍንጫ ላይ የቆመ በመሆኑ፣ እርስዎ ባስነጠሱ ቁጥር እኛ ሠራተኞች እንሰጋለን። ማርና ነጭ ሽንኩርት ከቤትዎ እንዳይጠፋ አደራ እላለሁ።

ባለፈው ስብሰባ ላይ «ሂስ የሚፈራ አመራር የሞተ አመራር ነው፤ ያያችሁትን በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ ጻፉ» ብለው ሲናገሩ ከሁሉ ቀድሜ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ። ከጎኔ የተቀመጡት የሒሳብ ክፍሏ ወይዘሮ ሙሉጌጥ በክርናቸው ጎሸም አድርገውኝ፣ «ጻፉ አሉ እንጂ መች እንሰማለን አሉ፣ ልጄ?» ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ገና ዓመት ያልሞላኝ ስለሆንኩ የተባልኩትን አምናለሁ። ይህ ድክመቴ ከእርስዎ ጋር በሠራሁ ቁጥር እንደሚወገድ ተስፋ በማድረግ ወደ ጉዳዬ እገባለሁ።

ጉዳዩን ላልሰሙ አንባቢዎች በአጭሩ ላስረዳ። በያዝነው ወር መጀመሪያ የድርጅታችን ሾፌር አቶ ኩማ ከቱላ ቲማቲም ጭነው ወደ መናኸሪያ ሲመለሱ፣ ከቱላ መውጫ ቁልቁለቱ ላይ የመኪናው ፍሬን እምቢ አላቸው። ፊት ለፊታቸው ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች መንገዱን ሞልተውት ነበር። አቶ ኩማ መሪውን ወደ ቦዩ ጠምዝዘው መኪናውን በጎኑ አስተኙት። ሴቶቹ ተረፉ፤ እሳቸውም ግንባራቸው ተፈንክቶ ተረፉ፤ የሞተው ቲማቲሙ ብቻ ነው። ሌላ ቦታ ቢሆን ይመሰገኑ ነበር፤ እኛ ዘንድ ግን ተሸተቱ። እርስዎ፣ ጓድ ደምሴና ጓድ ባህሩ በላንድሮቨር ደርሳችሁ፣ ደማቸው ገና ሳይጠረግ አፋቸውን አስከፍታችሁ በየተራ ካሸተታችሁ በኋላ «የተብላላ የመጠጥ ሽታ አለው» ብላችሁ በሙሉ ድምፅ ወሰናችሁ። አቶ ኩማ ከሥራ ታገዱ። በአደጋው ሰዓት ከአልኮልና ከማናቸውም አደንዛዥ ዕፅ ነጻ እንደነበሩ የሚያረጋግጥ የምርመራ ማስረጃ እስከ መጪው ዐርብ ካላቀረቡም ከሥራ ተሰናብተው፣ የሕዝብ ንብረት በማውደም ለአቃቤ ሕግ ተላልፈው እንዲሰጡ ተባለ። በዚህ በአሥረኛው የአብዮት በዓል ዋዜማ እንዲህ ያለ ክስ ይዞ የሚገባ ሰው መቼ እንደሚወጣ እርስዎም አያውቁም፣ እኔም አላውቅም፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ወንጌላዊትማ ጭራሽ ማሰብ አልፈለጉም።

አቶ ኩማ ቃል የማያበዙ ሰው ስለሆኑ ማስረጃውን ፈልጎ የማምጣቱን ሥራ እኔ በፈቃዴ ወሰድኩት። የኬሚስትሪ ምሩቅ ነኝና «ምርመራ» የሚለውን ቃል ስሰማ ልቤ ይዘላል። ድርጅቱ ዲግሪዬን አይቶ በመደነቅ የመለዋወጫ መጋዘን ቁልፍ ካስያዘኝ ወዲህ፣ ሙያዬን የሚነካ ነገር ሲገጥመኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። ለዚህ ዕድል አመሰግንዎታለሁ። ምስጋናዬንና ከምስጋናዬ ጋር የተጣበቁትን ጥቃቅን ቅሬታዎች እንደሚከተለው በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጊዜው። የኮሚቴው ውሳኔ አቶ ኩማ እጅ የደረሰው የግንባራቸው ቁስል ከጠገገ በኋላ ነው። አልኮል እንደ ቂም በደም ውስጥ አይከርምም፤ በማግስቱ ተኖ ይጠፋል። ስለዚህ ኮሚቴው የጠየቀው ባለፈው ሳምንት የዘነበው ዝናብ ዛሬ ተይዞ እንዲቀርብለት ነው። ሆኖም እርስዎ የማይቻል ነገር አያዙም ብዬ ስለማምን ፍለጋዬን ጀመርኩ።

ሁለተኛ፣ ስለ ፍለጋው። በቅድሚያ የሄድኩት ወደ ጤና ጣቢያ ነው። የላቦራቶሪ ባለሙያው በትሕትና አዳመጠኝና «እህቴ፣ ወባ ካለበት አሁኑኑ እነግርሻለሁ፤ ወስፋት ካለበትም እነግርሻለሁ። ስካር ግን በማይክሮስኮፕ አይታይም» አለኝ። ከዚያ ወደ ትራፊክ ፖሊስ ሄድኩ። እዚያ ያገኘኋቸው ሃምሳ አለቃ የእነሱ ምርመራ ከሁሉ የረቀቀ መሆኑን አስረዱኝ፤ በኖራ መስመር ይሰመራል፣ ተጠርጣሪው መስመሩን ይዞ ይሄዳል፣ ካልተንገዳገደ ጨዋ ነው። «እንግዲያው አቶ ኩማን ላምጣና ይሂዱላችሁ» ስል «ያን ቀን ያልሄደውን ዛሬ ቢሄደው ምን ይረባል? ደግሞስ ኖራው የታለ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የከተማው ኖራ በሙሉ ለበዓሉ የመንገድ ዳር ድንጋይ ለመቀባት ውሏል። አዋሳ ውስጥ አንድም ጥቁር ድንጋይ አልቀረም፤ ጥፋተኛና ንጹሕ ሰው የሚለይበት አንድ ክንድ ኖራ ግን አልተረፈም።

ወደ ፋርማሲ ጎራ ስል ባለቤቷ ወይዘሮ ፈትያ «ምርመራ» የሚለውን ቃል እንደሰሙ በሩን ገርበብ አድርገው፣ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ስንት ወርሽ ነው?» ብለው በሹክሹክታ ጠየቁኝ። ምርመራው ለሾፌር መሆኑን ስነግራቸው በሩን መልሰው ወለል አድርገው ከፍተው፣ «እንግዲያስ እኔ ዘንድ አይሆንም» ሲሉ አሰናበቱኝ። ስለ አደንዛዥ ዕፁ ደግሞ ምክር ያገኘሁት መናኸሪያ ከቆሙ ሾፌሮች ነው። «ምላሱን ያውጣ፤ አረንጓዴ ከሆነ ቅሟል» አሉኝ። አቶ ኩማ ያን ቀን ጎመን በልተው ስለነበር ይህን ምርመራ ሳልሞክረው ተውኩት።

ሁሉም በአንድ ቃል የነገሩኝ አዲስ አበባ ብሄድ የተሻለ መሣሪያ እንደሚኖር ነው። ጊዜው ማለፉን እንኳ ባለሙያ ጽፎ ቢሰጠን ብዬ አቶ ኩማ እንዲጓዙ የይለፍ ወረቀት ለመጠየቅ ወደ ቀበሌ ሄድኩ። የቀበሌው ሊቀመንበር «ጉዳዩ ያልተጣራ ሰው ከከተማ አይወጣም» አሉ። የሚወጡት ጉዳያቸው እንዲጣራ ነው ብል፣ «ጥሩ፣ ሲጣራ ይወጣል» አሉኝ። እንዲህ ያለ የተሟላ አስተሳሰብ ዩኒቨርሲቲ በነበርኩ ጊዜ በየትኛውም ትምህርት አልገጠመኝም።

ሦስተኛ፣ ስለ ሽታው፤ ዋናው ነገር ይኸው ነውና እባክዎ አይቸኩሉ። አቶ ኩማ ያን ቀን በቱላ፣ እህታቸው ቤት ምሳ በልተዋል። የበሉት እርስዎ ቆጮ የሚሉትን፣ የአገሩ ሰው ግን ዋሳ የሚለውን ነው፤ በአይብና በጎመን። ዋሳ ከእንሰት ተፍቆ፣ ጉድጓድ ገብቶ፣ ከርሞ ተብላልቶ የሚወጣ ምግብ ስለሆነ ይሸታል። በደንብ ከከረመማ በልቶ የሄደውን ሰው ተከትሎ ደጅ ድረስ ይሸኛል። እኔ ይርጋ ዓለም ተወልጄ በዋሳ ያደግሁ ስለሆንኩ ይህን ሽታ እንደ እናቴ ድምፅ አውቀዋለሁ። እርስዎ ግን አዋሳ ከተሾሙ ጀምሮ የሐይቅ ዳርን ሆቴሎች ዓሣ ከነአጥንቱ ሲያውቁት፣ የሚያስተዳድሩት ሠራተኛ በየቀኑ የሚበላውን አንድ ጊዜ እንኳ ቀምሰው ስለማያውቁ፣ የተብላላ ነገር ሁሉ አረቄ መሰለዎት። በዚህ አልወቅስዎትም፤ ያላዩት አገር አይናፍቅም።

የምወቅሰው የጓድ ደምሴን አፍንጫ ነው። ጓድ ደምሴ የዚሁ አገር ልጅ ናቸው። ቢሮ ውስጥ «እኛ ቤት ከማኛ እንጀራ ሌላ አይገባም» ሲሉ ብንሰማም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአንድ ሻጭ ዘንድ ተሰልፈን ዋሳ የምንገዛ ስለሆንን፣ እሳቸው የእንሰት ቅጠሉን በጋዜጣ ሲጠቀልሉ እኔ ሌላ ነገር የማይ መስዬ ፊቴን አዞራለሁ። አቶ ኩማ አፋቸውን ሲከፍቱ ጓድ ደምሴ ሽታውን ገና ከሩቁ አውቀውታል። ችግሩ «ይኸማ ዋሳ ነው» ለማለት አስቀድሞ «አውቀዋለሁ» ማለት የሚጠይቅ መሆኑ ነው። በእርስዎ ፊት ዋሳ ከማወቅ አረቄ ማወቅ ይሻላል ብለው መረጡ። እነሆ አንድ ሰው በምሳው አፍሮ ሌላውን ሰው ወህኒ ሊያስገባ ነው። ጓድ ደምሴ፣ ይህን ቆመው እያነበቡ ከሆነ፣ ቅዳሜ ስንገናኝ አሁንም ፊቴን አዞራለሁ፤ ምክንያቱ ግን የድሮው አይደለም።

አራተኛ፣ ይህንን መጻፍ አልነበረብኝም፣ ግን ጀመርኩት። በሚያዝያው የሠራተኞች በዓል ግብዣ ላይ ሁላችን ለአብዮቱ ብርጭቆ ስናነሳ እርስዎ አቶ ኩማ አምቦ ውሃ ይዘው መቆማቸውን አይተው፣ «ይኸ ሰው ለአብዮቱ አንድ ጉንጭ ቢራ ይሰስታል እንዴ?» ሲሉ በአዳራሹ ፊት ጠየቋቸው። ጓድ ባህሩም «እሱማ ጴንጤ ነው፤ ቢራ ሲያይ ይንቀጠቀጣል!» ብለው ሰውን ሁሉ አሳቁ። አቶ ኩማ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁና «ጓድ፣ እኔ ሾፌር ነኝ» ብለው ተቀመጡ። የማይጠጡበት ሌላ ምክንያት ካላቸው የራሳቸው ነው፤ በዚህ ዘመን የሰውን ምክንያት ግድግዳ ላይ አልለጥፍም። እንግዲህ በሚያዝያ ባለመጠጣት የተወቀሰ ሰው በነሐሴ በመጠጣት ከተከሰሰ፣ ኮሚቴው ከሁለቱ በአንዱ ተሳስቷል። በሁለቱም አልተሳሳትንም የምትሉ ከሆነ ደግሞ፣ አቶ ኩማ መጠጥን እንደ መሠረተ ትምህርት በክረምቱ ዙር ተምረው መጨረሳቸው ነውና የምስክር ወረቀት ይገባቸዋል።

አምስተኛ፣ ስለ መሣሪያዬ። ከተማው ውስጥ ምርመራ ሲጠፋ ራሴ ልሥራው ብዬ ተነሳሁ። ከአንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ፖታሲየም ዳይክሮሜት የተባለውን ብርቱካናማ ጨው ለምኜ፣ ከጋራዣችን የባትሪ አሲድ ጨምሬ፣ በመስታወት ቱቦ አዘጋጀሁት። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ሰው ይነፋበታል፣ ትንፋሹ አልኮል ካለው ብርቱካናማው ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። ለሙከራ ጠጪ ሲያስፈልገኝ የጥበቃው ጋሽ ሙሉጌታ ንግግሬን ሳልጨርስ እጃቸውን አወጡ። አንድ መለኪያ አረቄ ጠጥተው ነፉ፤ ቱቦው አረንጓዴ ሆነ። በደስታ ስዘል «አንቺ ልጅ፣ ሳይንስ በአንድ ጊዜ አይታመንም፤ ሌላ መለኪያ ይምጣ» አሉኝ። አመጣሁ፤ አሁንም አረንጓዴ። ለሦስተኛ ጊዜ እናረጋግጥ ሲሉ ግን ሳይንሱ ይበቃል አልኩ። ከዚያም አቶ ኩማ አፋቸው እስኪሸት ዋሳ በልተው ነፉ። ብርቱካናማው ብርቱካናማ ሆኖ ቀረ። ጋሽ ሙሉጌታ ቱቦውን አገላብጠው አይተው «ምስኪን፣ ምንም የለበትም» ሲሉ ከልባቸው አዘኑላቸው።

ይህንኑ ይዤ ወደ ቢሮዎ ስመጣ፣ ሦስታችሁም ስለ በዓሉ ዝግጅት ከእንግዶች ጋር ሐይቅ ዳር ምሳ በልታችሁ መመለሳችሁ ነበር። ለማነጻጸር ያህል ከእናንተ አንዳችሁ ትንፋሻችሁን ብትለግሱኝ ብዬ ቱቦውን ዘረጋሁ። ቀጥሎ የሆነውን ሳስታውስ እስካሁን ይደንቀኛል። ጓድ ባህሩ አስም እንዳለባቸው ትዝ አላቸው። ጓድ ደምሴ የፍልሰታ ጾም ላይ መሆናቸውን ነገሩኝ፤ የካድሬ ትምህርት ያጠናቀቁ ጓድ ይህን ያህል ጾመኛ መሆናቸው አስደስቶኛል፣ መቼም ጾሙ ዓሣና ቢራን ሳይሆን መንፋትን የሚከለክል አዲስ ጾም ይሆናል። እርስዎ ግን እንደ አመራር ወደ ኋላ ቆም ብለው፣ «ለመሆኑ ይኸ ዕቃ በበላይ አካል ጸድቋል? ማኅተሙስ የታለ?» ብለው ጠየቁ። ቱቦዬን ይዤ ወጣሁ። ጥያቄዬ ግን እስካሁን አለ፤ የእርስዎስ አፍንጫ ማኅተሙ የት ላይ ተመትቷል?

የመጨረሻው፣ ስድስተኛ ይሁን ሰባተኛ እንጃ፣ ማንም ስላላሸተተው ስለ ፍሬኑ ነው። አቶ ኩማ የፍሬኑ ሸራ ተበልቶ መሳሳቱን ክረምቱ ሳይገባ ጀምረው ሲናገሩ ነበር። መካኒኩም የፍሬን ሸራ እንዲወጣለት ጠይቋል። ሸራው እኔ በምጠብቀው መጋዘን፣ ከመስኮቱ በታች ካለው መደርደሪያ ላይ አዲስ እንደሆነ ተቀምጧል። ፊርማዎን ስንጠይቅ «ከበዓሉ በፊት ከመጋዘን አንድ ብሎን እንዳይወጣ፤ እንግዶቹ ሲጎበኙ መደርደሪያው ጎዶሎ ሆኖ መታየት የለበትም» ብለው አዘዙ። መደርደሪያው እንደታዘዘው ሙሉ ነው፤ በየቀኑ አቧራውን እጠርጋለሁ። ያን ቀን ቁልቁለቱ ላይ የጎደለው ግን አልኮል ወይም የአልኮል ምርመራ አልነበረም። ከሴቶቹ አንዷ ብትሞት ኖሮ ኮሚቴው የሟቿንም አፍ ያሸት እንደነበረ አልጠራጠርም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የማቀርበው ልመና ትንሽ ነው። በመጪው ሐሙስ ቀትር ላይ ሦስታችሁም በአቶ ኩማ ቤት ለምሳ ተጋብዛችኋል። ወይዘሮ ወንጌላዊት ዋሳውን ያቀርባሉ፤ አይብና ጎመንም አለ፤ መጠጥ ግን በዚያ ቤት ስለማይገኝ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በልታችሁ ስትጨርሱ ወደ ቢሮ ተመልሳችሁ፣ እንደ ደንባችሁ አፋችሁን ከፍታችሁ እርስ በርሳችሁ በየተራ ተሻተቱ። ያገኛችሁትን በቃለ ጉባኤ አስፍራችሁ ዐርብ ጠዋት ብታነቡልን፣ አቶ ኩማ ከዚያ የተሻለ የምርመራ ማስረጃ አያስፈልጋቸውም። ለወደፊቱም ጓድ፣ ይህን ያህል ሕዝብና ይህን ያህል መኪና ያለው ከተማ አንድ ትክክለኛ የምርመራ ቦታ ቢኖረው መልካም ነበር። ሥራውን እኔ እንድጀምረው ቢፈቅዱልኝ ከመጋዘኑ ቁልፍ ጋር ደርቤ በደስታ እሠራለሁ። ይኸኛው ስላቅ አይደለም፤ የምሬን ነው።

አፍንጫዎ ዘወትር ጥርት ብሎ፣ ብዕርዎ ግን ለዕቃ ማውጫ ፊርማ ትንሽ ፈጠን ብሎ እንዲገኝ እየተመኘሁ፣ ለትዕግሥትዎ፣ ለጥንቃቄዎና መጋዘኑን ሙሉ አድርገው ለእንግዳ ዓይን ስላቆዩልን ያለኝን ወሰን የሌለው አክብሮት በመግለጽ እሰናበታለሁ።

ሂስ ጻፉ ሲባል የምትጽፈው፣
ሙሉመቤት ታምሩ
የኬሚስትሪ ምሩቅ፣ በአሁኑ ጊዜ የመለዋወጫ መጋዘን ቁልፍ ያዥ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ የተገለበጠው መኪና ቀና ተደርጎ፣ ዙሪያውን ቀይ ተቀብቶ፣ ፍሬኑ እንደነበረ ሆኖ፣ መስከረም 2 የኪነት ቡድኑን ልጆች ከቱላ ጭኖ በዚያው ቁልቁለት ለሰልፉ እንደሚያመጣ ሰማሁ። ስለዚህ ትናንት ያለ ፊርማዎ መጋዘኑን ከፍቼ የፍሬን ሸራውን ለመካኒኩ ሰጥቻለሁ፤ እሱም ገጥሞታል። የዕቃውን መውጣት የማውቀው እኔ ነኝ፣ መካኒኩ የታዘዘውን ነው የሠራው። ዐርብ ዕለት ከአቶ ኩማ አጠገብ አንድ ወንበር እንዲጨመርልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። የሸራውን መገጠም ለማረጋገጥ ኮሚቴው ማንንም ማሽተት አያስፈልገውም፤ ፔዳሉን መርገጥ ይበቃል።